ድንች ከወጥ ላይ ጨው ይስባል? ስለ ሙሙት የቀረቡ የአንባብያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከማድ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራና ከጤና ተቋማት የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት ጨው፣ ስኳር ወይም ሌላ ነገር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ (ድብልቁ ሙሙት ይባላል) ምን ያህሉ በምን ያህል ውሃ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚሄድና የት ደርሶ እንደሚረጋ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ወጥ ጨው ሲበዛበት ድንች ልጦ መጨመር ጨውን ይመጥጠዋል ይባላል። እውነት ነው? (ከደሴ፣ የቤት እመቤት)

መልስ፦ ድንቹ ጨው መውሰዱ እውነት ነው። ጨውን ለብቻው መርጦ ይመጥጣል የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ድንች ውስጥ ያለው ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ መረቁ ውስጥ ያለው ብዙ ነው። ስለዚህ ጨው ከበዛበት ወዳነሰበት ቀስ በቀስ እየሰረገ ይገባል። ይህ የሚቀጥለው ግን የድንቹ ውሃና የመረቁ ጨውነት እኩል እስኪሆን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም የሚገባው ጨውና የሚወጣው ጨው እኩል ስለሚሆኑ ለውጥ አያመጣም።

በቁጥር እንየው። ወጥዎ 2 ሊትር ቢሆንና 200 ግራም ድንች ቢጨምሩ፣ ከድንቹ ክብደት አራት አምስተኛው ያህል ውሃ ስለሆነ 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨመሩ ማለት ነው። በ2 ሊትር ውስጥ የነበረው ጨው አሁን በ2.16 ሊትር ይከፋፈላል፤ ጨውነቱ የሚቀንሰው በ7 በመቶ ገደማ ነው። በድንቹ ፋንታ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ ቢያፈሱበትም ውጤቱ ያው ነው። የድንቹ ጥቅም ወጡን አለማቅጠኑ ነው። ያንን ጥቅም ለማግኘት ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይቁረጡት፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጨው እስከ መሃሉ የሚደርስበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ሙሉ ድንች ጣል አድርጎ ከ10 ደቂቃ በኋላ ማውጣት ከላዩ ላይ ጥቂት ጨው ከማስነካት አያልፍም።

ጨው በእርግጥ የበዛበት ወጥ የሚድነው በሌላ መንገድ ነው። ከ2 ሊትሩ ግማሽ ሊትር መረቅ ቀንሰው በዚያው ልክ ጨው የሌለው የፈላ ውሃ ቢተኩ ጨውነቱ በ25 በመቶ ይወርዳል። ውሃው ወጡን የሚያበላሽበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዶሮ ወጥ ከሆነ፣ ጨው ያልገባበት የሽንኩርት ቁሌት ለብቻው ሠርተው ይቀላቅሉ። ሎሚ ጣል ማድረግ ጣዕሙን ይሸፍነዋል እንጂ ጨውን አይቀንስም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ዲፊዩዥንን የማሳየው የፖታሺየም ፐርማንጋኔት ቅንጣት ቢከር ውሃ ውስጥ ጥዬ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ውሃው ሁሉ ቀለም ይይዛል። አንድ መጽሐፍ ላይ ግን ዲፊዩዥን እጅግ ዘገምተኛ ነው የሚል አነበብኩ። የትኛው ነው ትክክል? (ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር)

መልስ፦ መጽሐፉ ትክክል ነው። ቢከሩ ውስጥ የታየው በአብዛኛው ዲፊዩዥን አይደለም፤ የውሃው የራሱ መንቀሳቀስ ነው። ቅንጣቷ ስትወድቅ ውሃውን ትቀሰቅሳለች። ከቅንጣቷ የሚወጣው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሙሙት ከንጹሑ ውሃ ስለሚከብድ እንደ ክር እየተሳበ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመስኮት የገባ ፀሐይ ወይም ቢከሩን የያዘ እጅ አንዱን ጎን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ውሃ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ቀለሙን ከጫፍ ጫፍ ያደረሰው ይህ ነው።

ዲፊዩዥን የሚባለው ውሃው ሳይንቀሳቀስ የሟሙት ሞለኪውሎች ብቻ ሲሰራጩ ነው። ሞለኪውሎቹ የሚሄዱበትን አያውቁም። በየቅጽበቱ ከውሃ ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከበዛበት ወዳነሰበት የሚጎርፉ የሚመስለን በበዛበት በኩል ያሉት ብዙ ስለሆኑ ከዚያ የሚነሱትም ስለሚበዙ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ዓይኑ ታስሮ ሜዳ ላይ እንደሚራመድ ሰው ነው፤ አሁን ወደፊት የተራመደው ቀጥሎ ወደኋላ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት እጥፍ ርቀት ለመራቅ እጥፍ ጊዜ አይበቃም፣ አራት እጥፍ ያስፈልጋል። የስርጭቱን ሕግ አዶልፍ ፊክ በ1855 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀመጠው፤ አልበርት አይንስታይን ደግሞ በ1905 እ.ኤ.አ. ከሞለኪውሎች ግጭት ተነሥቶ የርቀቱንና የጊዜውን ዝምድና አሳየ። ዝምድናው ቀላል ነው፦ ጊዜው የርቀቱ ካሬ ሲካፈል ለሁለት እጥፍ የዲፊዩዥን መለኪያ (ነገሩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጭ የሚነግር ቁጥር) ነው።

የስኳር መለኪያ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ውስጥ 5.2 × 10⁻¹⁰ ካሬ ሜትር በሰከንድ ነው። ይህን ይዘው ከተማሪዎቹ ጋር ያስሉት። 10 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሴል ያህል ስፋት፣ ለመሄድ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይበቃል። ለ1 ሚሊ ሜትር 16 ደቂቃ ይፈጃል። ለ1 ሴንቲ ሜትር 27 ሰዓት ያስፈልጋል። ለ10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ለአንድ ቢከር ቁመት፣ 111 ቀን ይሆናል። ሴሎች ለምን ትናንሽ እንደሆኑ፣ ትልቅ እንስሳም ልብና የደም ሥር ለምን እንደሚያስፈልገው ከዚህ ስሌት የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አናውቅም። ሳያማስሉ የተዉት ሻይ ታቹ ጣፋጭ፣ ላዩ መራራ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዲፊዩዥንን ብቻውን ለማሳየት ውሃውን እንዳይንቀሳቀስ ማሰር ያስፈልጋል። ለዚህ አጋር (ፈልቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ዱቄት) ይመቻል። 1.5 ግራም አጋር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልተው ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ፈተና ቱቦ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሙሉ፤ ቱቦውን አቁመው ሳይነኩት ያቀዝቅዙ። ሲረጋ ከላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በደንብ የጠቆረ የምግብ ቀለም ሙሙት በጠብታ ማንኪያ በግድግዳው በኩል ቀስ ብለው ያፍስሱ። ፐርማንጋኔት እዚህ ላይ አይጠቀሙ፤ ከአጋሩ ጋር ቀስ በቀስ ተዋህዶ ወደ ቡናማነት ስለሚለወጥ ልኬቱን ያበላሻል። ቀለሙን ያፈሰሱት ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ፣ በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ11 ሰዓትና በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀለሙ የደረሰበትን በማስመሪያ ይለኩ። ያለፈው ጊዜ 1፣ 4፣ 9 እና 25 ሰዓት ይሆናል፤ ርቀቶቹም 1፣ 2፣ 3 እና 5 እጥፍ ሆነው ሊወጡ ይገባል።

ካልወጡ ሦስት ቦታ ይፈትሹ። አጋሩ ከብርጭቆው ግድግዳ ተላቆ ከሆነ ቀለሙ በስንጥቁ ይሾልካል፤ ይህም በአንድ ጎን ብቻ በሚታይ ረጅም ምላስ ይታወቃል። የቀለሙ ጠርዝ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ለኪው ሰው በየጊዜው የተለያየ ድብዛዜ ላይ ቆሞ ከሆነ ቁጥሩ ይዛባል፤ ከቱቦው ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርገው አንድ ተማሪ ብቻ ይለካ። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ቱቦው ከፀሐይ ይራቅ።

ጥያቄ፦ 1 ሞላር የስኳር ሙሙት እንድናዘጋጅ ታዘን 342 ግራም ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ላይ ጨመርኩ። ስህተት ነው ተባልኩ። ለምን? ደግሞ በዚህ ሙሙት የድንች ሙከራ (የድንች ቁራጭ ነክሮ የክብደቱን ለውጥ መለካት) ስንሠራ ውጤታችን የተዘበራረቀ ሆነ። (ከሐዋሳ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ የስኳሩን ክብደት በትክክል ይዘሻል። የተሳሳተው የውሃው መጠን ነው። 1 ሞላር ማለት በ1 ሊትር ሙሙት ውስጥ አንድ ሞል (ለስኳር 342 ግራም) አለ ማለት ነው፤ በ1 ሊትር ውሃ ላይ ተጨመረ ማለት አይደለም። የሟሟ ስኳር ራሱ ቦታ ይይዛል፤ 342 ግራሙ 210 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ያገኘሽው 1.21 ሊትር ያህል ሙሙት ነው፣ ክምችቱም (በሊትር ሙሙት ውስጥ ያለው የሟሟ ነገር መጠን) 1 ሳይሆን 0.82 ሞላር ገደማ። ትክክለኛው አሠራር ስኳሩን በ600 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ከዚያ 1 ሊትሩ መስመር እስኪደርስ ውሃ መጨመር ነው። ሳይቀዘቅዝ መስመሩ ላይ ከሞላሽው ሲበርድ ይሟሽሽና ክምችቱ ከፍ ይላል።

ሌሎቹን ከዚሁ አቅጥኚ። 100 ሚሊ ሊትር ባለ 0.8 ሞላር ለማግኘት 80 ሚሊ ሊትር ከዋናው፣ 20 ውሃ፤ ለ0.6 ስልሳና አርባ፤ ለ0.4 አርባና ስልሳ፤ ለ0.2 ሃያና ሰማንያ። አንዱን ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ አድርጊው።

ድንቹን ከአንድ ትልቅ ድንች ላይ፣ ልጣጭ ሳይቀርበት፣ 1 በ1 በ5 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪ። የተዘበራረቀ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሚዛንና ከማድረቅ ነው። አንዱ ቁራጭ 5 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 1 ግራም ብቻ የሚለይ የማድ ቤት ሚዛን የ20 በመቶ ልዩነት እንኳ ሊያመልጠው ይችላል። የተሻለ ሚዛን ከሌለ ለየሙሙቱ 10 ቁራጭ አድርጋችሁ አንድ ላይ መዝኑ። ከመመዘኑ በፊት እያንዳንዱን በወረቀት ማድረቅ ያስፈልጋል፣ በፊትም በኋላም እኩል ያህል፤ ሳይጨመቅ። ቁራጮቹ በየሙሙቱ ተነክረው ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ፣ ብልቃጡ ተከድኖ ይቆዩ። የክብደቱን ለውጥ በግራም ሳይሆን በመቶኛ አስሉና በግራፍ አስቀምጡት። መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበት፣ ማለትም ድንቹ ውሃ ያላገኘበትና ያላጣበት ክምችት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.35 ሞላር ባለው ውስጥ ይውላል። እዚያ ነጥብ ላይ ውሃ መግባትና መውጣቱን አላቆመም፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆነ እንጂ። ያረጀና የጠወለገ ድንች ውሃ ስላጣ ነጥቡ ወደ ቀኝ ይገፋል።

ጥያቄ፦ እናቶች ኦ.አር.ኤስን (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት) ሲበጠብጡ አንዳንዶቹ “ጠንከር ይበል” ብለው ውሃ ያሳንሳሉ፣ አንዳንዶቹ ከረጢቱን ለሁለት ይከፍላሉ። ከዚያም ተቅማጥ ላለበት ልጅ ስኳር ለምን? ይሉኛል። በደንብ የሚያስረዳ መልስ ስጡኝ። (ከወላይታ ሶዶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ)

መልስ፦ ከስኳሩ እንጀምር፤ እሱ ከተረዳ ሌላው ይከተላል። በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና (ከጨው የሚገኘውን) ግሉኮስን (የስኳር ዓይነት የሆነውን) አጣምሮ የሚያሳልፍ በር አለ፤ አንድ ግሉኮስ ከሁለት ሶዲየም ጋር ያስገባል። ግሉኮስ ከሌለ በሩ አይሠራም። ጨውና ስኳሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ሌላውን የመምጠጫ መንገድ ሲያውክም ይህ በር አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ የኦ.አር.ኤስ ኃይል እዚህ ላይ ነው። የበሩን አሠራር ሮበርት ክሬን በ1960 እ.ኤ.አ. አቀረበ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ፣ ቦንጋዎን መጠለያ የገቡ ስደተኞችን ኮሌራ ሲጨርሳቸው ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚጠጣውን ብጥብጥ በስፋት ተጠቅሞ የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቅመም በ1 ሊትር 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬትና 13.5 ግራም ግሉኮስ ነው። በዚህ ልክ ሲበጠበጥ ሶዲየሙና ግሉኮሱ እኩል 75 ሚሊ ሞል በሊትር ይሆናሉ፤ የሟሙት ቅንጣቶች ድምር ደግሞ 245። የደማችን ድምር 285 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብጥብጡ ከደም ትንሽ ቀጠን ያለ ነው፤ ውሃ የሟሙ ቅንጣቶች ካነሱበት ወደበዙበት ስለሚሄድ ወደ ሰውነት ይገባል። የቀድሞው ቅመም 311 ነበር፤ ዝቅ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ እናቲቱ በግማሽ ሊትር ከበጠበጠችው ድምሩ 490 ይሆናል። ከደም በላይ ስለሆነ ውሃ ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ ይሳባል፣ ተቅማጡ ይበረታል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየምም ከመጠን በላይ ከፍ ሊል ይችላል። “ጠንከር ያለ” መድኃኒት አልሆነም፤ ጉዳት ሆነ። በ2 ሊትር ከበጠበጠችው ደግሞ ጨውም ስኳሩም ይሳሳል፣ የጠፋውን አይተካም። ለስላሳ መጠጥ በሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ሶዲየሙ ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ስለዚህ ምትክ አይሆንም።

ከረጢቱን መክፈል የማይቻለው ዱቄቱ የአራት ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ ነው። ሲጓጓዝ ከባዱና ቀላሉ ይለያያል፤ በዓይን ግማሽ የመሰለው የጨው ግማሽ ላይሆን ይችላል። ሙሉውን ከረጢት በአንድ ጊዜ፣ ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይበጥብጡ። 1 ሊትር የሚል ከሆነ መጠኑ የተጻፈበት የ1 ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን የግማሽና የ2 ሊትር ሃይላንድም ስላለ ጽሑፉን ያሳዩዋቸው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታከመ ይሁን። ከተበጠበጠ በኋላ አያፍሉት፤ ውሃው ተንኖ ክምችቱ ይጨምራል። ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ።

ለልጁ በየተቅማጡ፣ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 ዓመት ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ወይም በኩባያ በትንሽ በትንሹ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ መቀጠል ነው። ዚንክ ከዚህ ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20። ጡት አይቋረጥም። ከረጢት ከሌለ ለ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ያልተቆለለ፣ በቢላ ጀርባ ደልደል የተደረገ። ቀምሳችሁት ከእንባ በላይ ጨው ካለው ይደፋ። የፈዘዘ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ያለበት ልጅ በቤት አይቆይም፤ ኦ.አር.ኤሱን እየጠጣ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ጥያቄ፦ አባቴ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ደሙ የሚታጠበው ብዙ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚያስፈልገው ጨውና ማዕድን ሁሉ አብሮ ለምን አይወጣም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚታጠበው በተራ ውሃ ስላልሆነ ነው። በማሽኑ ማጣሪያ ውስጥ ደሙ በአንድ በኩል፣ የተሰናዳ ፈሳሽ በሌላ በኩል ይሄዳሉ፤ መካከላቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎችን የሚያሳልፍ፣ ፕሮቲንና የደም ሴሎችን የሚያግድ ስስ ሽፋን አለ። ፈሳሹ የሚሰናዳው እያንዳንዱ ነገር ወዴት እንዲሄድ እንደሚፈለግ ታስቦ ነው። ሶዲየም በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ፣ ከ135 እስከ 145 ሚሊ ሞል በሊትር ስለሆነ ብዙም አይንቀሳቀስም። ፖታሺየም በደሙ ውስጥ 5 ወይም 6 ሲደርስ በፈሳሹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ይደረጋል፤ ስለዚህ ይወጣል፣ ግን ዜሮ እስኪሆን አይደለም። ባይካርቦኔት በፈሳሹ ውስጥ ከፍ ስለሚል ወደ ደሙ ይገባል። ዩሪያ (ኩላሊት ማስወገድ የነበረበት ቆሻሻ) በፈሳሹ ውስጥ ጭራሽ ስለሌለ ይወጣል።

ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ሚዛን ላይ ቢደርሱ እጥበቱ ያበቃ ነበር። ለዚህ ነው ፈሳሹ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከደሙ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲፈስ የሚደረገው፤ በ4 ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል። ትርፍ ውሃ የሚወጣው ግን በዲፊዩዥን ሳይሆን በግፊት ነው። እጥበቱ ካለቀ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደሙ ውስጥ ያለው ዩሪያ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በሴሎች ውስጥ የቀረው ወደ ደሙ እየወጣ ሚዛኑን ስለሚፈልግ ነው፣ ማሽኑ ስላልሠራ አይደለም።

ለቤት የሚጠቅም አንድ ነገር፦ ፖታሺየም እንዲቀንስ ከታዘዘ ድንች ሲቀቅሉ በስስ ይቁረጡት፣ በብዙ ውሃ ይቀቅሉት፣ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ ይድገሙት። በጥቂት ውሃ ከቀቀሉት ቶሎ እኩል ይሆንና የተቀረው እዚያው ድንቹ ውስጥ ይቀራል። መጠኑን ግን ከሐኪሙና ከምግብ ባለሙያው ጋር ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት የመጣልኝ ማር ሁለት ወር ሳይሞላው ረጋ። ስኳር ተቀላቅሎበት ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በመርጋቱ ብቻ ተቀላቅሎበታል ማለት አይቻልም፤ ንጹሕ ማር ይረጋል። 100 ግራም ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ውሃ፣ 31 ግራም ያህል ግሉኮስና 38 ግራም ያህል ፍሩክቶስ አለ። 17 ግራም ውሃ በ25 ዲግሪ ላይ ብቻውን ሊያሟሟ የሚችለው ግሉኮስ ግን 15 ወይም 16 ግራም ነው። ስለዚህ ማሩ ከሚችለው እጥፍ ገደማ ግሉኮስ ተሸክሟል፤ የሰም ወይም የአበባ ዱቄት ቅንጣት ካገኘ ግሉኮሱ በላዩ ላይ እየተደረደረ ይረጋል። ፍሩክቶስ በቀላሉ ስለሚሟሟ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ግሉኮሱ የበዛ ማር በሳምንታት ይረጋል፣ ፍሩክቶሱ የበዛው ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚወስነው ንቦቹ የቀሰሙት አበባ ነው። በ14 ዲግሪ ገደማ ከሁሉ ይልቅ ቶሎ ይረጋል፤ የአሜሪካ ክረምት ላይ የማይሞቅ ጓዳ ውስጥ አስቀምጠውት ከሆነ ምክንያቱ ያ ነው።

ለማሟሟት ብልቃጡን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ አቁመው ለሰዓታት ይተዉት፣ አልፎ አልፎ ያማስሉት። ምድጃ ላይ አያድርጉት፤ መዓዛው ይጠፋል። ሁሉም ቅንጣት ካልሟሟ በቀረው ላይ እንደገና ይረጋል። ሲረጋ ከላዩ ቀጭን ፈሳሽ ካቀረረ ይጠንቀቁ፦ ግሉኮሱ ሲጠጥር የሚይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ የተቀረው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ እርሾም ሊነሣበት ይችላል። ማር የማይበላሸው ክምችቱ ከእርሾና ከባክቴሪያ ሴሎች ውሃ ስለሚስብ ነው፤ ሲቀጥን ይህ ጥበቃ ይነሣል። ጠጅ ጣዮች አንዱን እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ የሚበርዙት ሆነ ብለው ይህን ጥበቃ ለማንሣት ነው። ክዳኑን ግጥም ያድርጉት፤ ክፍት ማር ከእርጥብ አየር ውሃ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋው ለምን ይገነፍላል? (ከነቀምት)

መልስ፦ ሁለት ሚዛኖች አንድ ላይ ስለሚናጉ ነው። ጠርሙሱ እንደታሸገ ከውሃው የሚወጣውና ተመልሶ የሚገባው ጋዝ እኩል ነው፤ ሲከፈት ግፊቱ ወርዶ መውጣቱ ይበልጣል። በዚያ ላይ ውሃው ባይካርቦኔት አለው፤ የሎሚው አሲድ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝ ይበልጥ ይይዛል፤ በባሕር ወለል ግፊት በ0 ዲግሪ 3.3 ግራም በሊትር፣ በ20 ዲግሪ 1.7 ግራም ብቻ። አቀዝቅዘው ይክፈቱት፣ ሎሚውንም መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ጨምቀው ውሃውን ቀስ ብለው ያፍስሱበት።

ጥያቄ፦ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ አንድ እጅ በ10 እጅ ውሃ እንላለን። ትክክል ነው? (ከአዳማ፣ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ)

መልስ፦ 9 እጅ ውሃ ነው። ያለዎትን ክምችት ለሚፈልጉት ያካፍሉና 1 ይቀንሱ፦ 5 ሲካፈል ለ0.5 አሥር ነው፣ ሲቀነስ 1 ዘጠኝ። ለ0.05 በመቶ ደግሞ 99 እጅ። መለያውን ሳያነቡ ግን አይጀምሩ፤ 4 በመቶ የሚል ከሆነ ለ0.5 በመቶ 7 እጅ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው። መለኪያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ ይሁን። ብጥብጡ በፀሐይና በሙቀት ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፣ ደም ወይም ቆሻሻ ያለበትን ቦታ አስቀድመው ይጥረጉ። ከመጸዳጃ ቤት አሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።